ሱግና የፈጠረቻት ንግሥት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኔምቻንድ የምር ረስቶት ነበር። ባይረሳ ኖሮ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በነጭ መኪና መጥቶ፣ የጣፋጭ ካርቶን በሁለት እጁ አቅፎ የሱግናን በር ባላንኳኳ።

ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ወር ነበር። ሱግና ግቢዋ ውስጥ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ተቀምጣ የማሾ ሊጥ ትዳምጣለች። እንደ ወረቀት አሳስታ የዳመጠችውን ፓፓድ የተባለ ቂጣ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት የገመድ አልጋ ላይ ደርድራ ለፀሐይ ትሰጠዋለች፤ ሲደርቅ ገበያ ይወጣል፤ ኑሮዋ እሱ ነው። ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት ነው። ባል የሞተባት ናትና እጇ ላይ አምባር የለም።

«ራም ራም፣ ካኪ!» ሲል ሰላምታ ሰጠ ኔምቻንድ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ እያወለቀ። ካኪ የአጎት ሚስት ማለት ነው። እቤቷ በልቶ ባደረባቸው ስድስት ዓመታት እንዲህ ነበር የሚጠራት።

«ማነህ?» አለች፤ ገና ከድምፁ ብታውቀውም።

«ኔምቻንድ ነኛ! ረሱኝ እንዴ?»

«ወፍረህብኝ ነው። ድሮ በዚህ በር ቀጥ ብለህ ነበር የምትገባው፤ ዛሬ በጎን ገባህ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ካርቶኑን እግሯ ሥር አስቀመጠና እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ። ነጭ ሱሪው አቧራ ነካው።

የሱግና ባል ቤሩላል በኬሳርፑራ ከተማ አርባ ዓመት አስጎብኚ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ዝሆኖች፣ አደባባዩን፣ የድሮዎቹን ባኦሪዎች፣ ማለትም ቁልቁል በደረጃ የሚወረድባቸውን ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ለፈረንጁም ከቤንጋልና ከጉጅራት ለሚመጣውም እንግዳ ሲያሳዩ ኖሩ። እንግዳ ባልመጣ ቀን ብስክሌታቸውን እየገፉ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ሽማግሌ ያገኛሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። አንድ ሕግ ነበራቸው። «አንድ አፍ ሐሜት ነው፤ ሁለት አፍ ወሬ ነው፤ ሦስት አፍ ሲሞላ ነው ለእንግዳ የሚቀርበው» ይሉ ነበር። ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ያልሰሙትን ታሪክ ቀይ ጨርቅ የለበሱት ደብተሮቻቸው ላይ አያሰፍሩም። ደብተሮቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ግማሹን ያህል የሰበሰበችው ደግሞ ሱግና ናት፤ የመንደር ሴቶች ፊታቸውን ተከናንበው ከወንድ ጋር ስለማያወሩ፣ በየሠርጉ እነሱ መሃል ተቀምጣ ዘፈናቸውን እያዳመጠች ማታ ለባሏ የምትነግራቸው እሷ ነበረች።

ኔምቻንድ ሥራውን ልማር ብሎ ሲመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው እንደ ልጅ ያዙት። በፍም የተጋገረ ባቲ የሚባል ድቡልቡል ዳቦ በቅቤ ነክራ አጉርሳዋለች። በስድስተኛው ዓመት መምህሩን፣ «ጉሩጂ፣ ደብተሮቹን ምስጥ ሳይበላቸው ኮምፒዩተር ላይ ልጻፍልዎ» ብሎ ወሰዳቸው። ዓመት ሳይሞላ መጽሐፍ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ኔምቻንድ ጥምጥም አድርጎ ቆሟል፤ ከበላዩ «ኬሳርፑራ፦ ለጉጉ እንግዶች» የሚል ተጽፏል። የቤሩላል ስም በጉንዳን ፊደል እንኳ የትም የለም።

ቤሩላል ሊጠይቁት እንግዶች ወደሚያርፉበት ሆቴል ሄዱ። ጠብ ፈላጊ ሰው አልነበሩም፤ ሊጠይቁት ብቻ ነው የሄዱት። በዚያው ሰዓት የአንዲት እንግዳ ካሜራ ጠፍቶ ግቢው ይታመስ ነበር። ኔምቻንድ ጣቱን ቀሰረና፣ «እዚህ ቆመው የነበሩት እኚህ ሽማግሌ ናቸው፤ ይፈተሹ» አለ። ፈተሿቸው። ጥምጥማቸው ውስጥ ደብቀውት እንደሆነ ብለው አሥር ክንዱን ጨርቅ በሰው ፊት እየተረተሩ ፈቱት። ካሜራው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባለቤቷ መኪና ወንበር ሥር ተገኘ። ይቅርታ ብሎ የመጣ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጡም፤ በዚያው ክረምት ሞቱ።

በሐዘኑ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሴቶቹ እንደ ወጉ አምባሯን ድንጋይ ላይ ሲሰብሩላት፣ ሱግና አላለቀሰችም። በሆዷ፣ ያንን ሰው በሰው ፊት ሳላዋርደው ሬሳዬን እሳት አይብላው ብላ ማለች።

አሁን ያ ሰው እግሯ ሥር ተቀምጧል።

«ካኪ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ያለውን ባኦሪ መንግሥት ሊጠርገው ነው። ለዲዋሊ በዓል ሰሞን ይመረቃል። ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ» አለ። «ማን እንዳስቆፈረው ግን የሚያውቅ ጠፋ። ከደብተሩ ውስጥም ታሪኩን አጣሁት። ምናልባት ጉሩጂ በቃል የነገሩዎት ነገር ካለ ብዬ ነው…»

የሱግና መዳመጫ እንጨት ቆመ። ባሏ ስለዚያ ጉድጓድ ነግረዋት አያውቁም። ማንም ምንም አያውቅም።

«ነግረውኛል» አለች።

የኔምቻንድ ዓይን በራ። «ይንገሩኛ!»

«ዛሬ ሊጤ ይደርቅብኛል። ነገ ና።»

በማግሥቱ ሲመጣ ራሴን አሞኛል አለችና ሁለት እንስራ ውኃ ከቧንቧው አስቀዳችው። በሦስተኛው ቀን አንድ ቁና ማሾ አስለቀመችው። ባለ ነጭ መኪናው ሰውዬ ጠጠር ከማሾ ሲለይ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። በግቢው አጥር ማዶ ጎረቤቷ ዳፑ ትሰማለች። ዳፑ የሸክላ ሠሪ ሚስት የነበረች፣ አሁን እንደ ሱግና ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለእናቷ ስድስተኛ ሴት ልጅ ሆና ስለተወለደች ስሟን «በቃን» አሏት፤ ዳፑ ማለት እሱ ነው። እሷ ግን በሕይወቷ በቃኝ ብላ የማታውቀው ነገር ቢኖር ሳቅ ነው።

ማሾው ተለቅሞ ሲያልቅ ሱግና ጀመረች። ኔምቻንድ ስልኩን መቅጃው ላይ አድርጎ አፏ ሥር ደቀነው።

«ላድ የምትባል ንግሥት ነበረች። ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ንግሥቲቱ ወርቋን ሸጣ ጉድጓድ አስቆፈረች። ስልሳ ደረጃ ቆፈሩ፤ ውኃ የለም። ያን ጊዜ በባዶ እግሯ ወረደችና አርባ አንደኛው ደረጃ ላይ ቆማ ጸለየች። ውኃው ከታች ፈልቆ ወጣ፤ እሷን ግን ዳግም ያያት የለም። የቆመችበት ድንጋይ ላይ የሁለት እግሮቿ አሻራ ቀርቷል። ሄደህ እየው።»

ሄዶ አየው። ድንጋዩ አለ፤ ሁለት ጎድጓዳ ቦታም አለው። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም እንጂ፣ ሁለቱን ጉድጓዶች የዳፑ አማት ትምባሆ ሲወቅጡባቸው ኖረው ነው ያጎደጎዷቸው። ሰፈሩ ውስጥ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ ያውቃል።

መኪናው ከሄደ በኋላ ዳፑ መከናነቢያዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «የአማቴ ትምባሆ መውቀጫ! ወይ ጉድ! ንግሥቲቱ በውኃ ጥም ሳይሆን በማስነጠስ ነዋ የሞተችው!»

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለች ሱግና። «የምርቃቱ ቀን ግን አብረሽኝ ትቆሚያለሽ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ እነ ጋሲንም ትጠሪያለሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይኼ መውቀጫ ነው ትላላችሁ። እኔ ደግሞ፣ ከስንት አፍ ሰማህ ብዬ እጠይቀዋለሁ።»

«እስከዚያ ሌላ ሰው ቢጠይቅስ? እኔን ቢጠይቀኝ ያው እነግረው ነበር።»

«ከጠየቀ ዳነ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ ቢጠይቅ እተወዋለሁ።»

ይህን ስትል እውነቷን ነበር። ወር ሙሉ ጠበቀች። ሸክላ ሠሪዎቹ ከመኪናው መንገድ አሥር እርምጃ ርቀው ቁጭ ብለው ውለዋል፤ ኔምቻንድ ግን አንዱንም አልጠየቀም።

ይልቁንም መናገር ጀመረ። ክረምቱ ሳይገባ እንግዶች እያመጣ፣ ድንጋዩን እየሳመ፣ ያንን ታሪክ ከእሷ አሳምሮ ይተርከው ጀመር። አንደበቱ ማር ነው፤ ያንን ድሮም ማንም አልካደውም። ከራሱም ጨመረበት፤ «ከዚህ ውኃ የጠጣች ሴት ማሕፀኗ አይዘጋም» አለ። አንድ ቀን ሱግና በጉድጓዱ አፍ ስታልፍ በብረት አጥሩ ላይ ሦስት ቀይ ክሮች ታስረው አየች። ሳቀች። ክረምቱ ሲወጣ ክሩ ብረቱን ሸፍኖት ነበር። ያኔ አልሳቀችም።

የምርቃቱ ቀን ጠዋት ዳፑ ቤት ሄደች። ዳፑ አዲስ ልብሷን ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ሐዘንተኛ ይመስላል።

«ሱግና፣ አትቆጪኝ» አለች። «እኔ አልናገርም።»

«ለምን?»

«ምራቴ… ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልወለደችም፤ ታውቂያለሽ። ልጄ ሌላ ሊያገባ ደርሶ ነበር። በክረምቱ ክር አሰረች፣ ውኃውን ጠጣች። ይኸው አራተኛ ወሯ ነው።»

«ዳፑ! የአማትሽ ትምባሆ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ!» አለች ዳፑ እንባዋ እየመጣ። «እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። እየሄደች ድንጋዩን በወተት ታጥባለች። አፌን ከፍቼ መውቀጫ ነው ልበላት? ሽሉ ቢወርድስ? በአንቺ ቂም የእኔ ዘር ይጥፋ?»

ሱግና ወጥታ ብቻዋን ሄደች።

ባኦሪው በብርቱካንማ የአበባ ጉንጉን አጊጧል። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ከላይ ፈረንጆቹና የሆቴል ሰዎች፣ ከመሃል ሸክላ ሠሪዎቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ከፊት ከዋና ከተማው የመጣች የቱሪዝም ሹምና መነጽር ያደረጉ አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር። ኔምቻንድ አርባ አንደኛው ደረጃ ላይ ማይክ ይዞ ቆሟል። ተናገረ። ንግሥቲቱ ወደ ውኃው ስትወርድ ሴቶቹ አለቀሱ። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አደረገ። ጭብጨባው ጉድጓዱን ሞላው።

ሱግና ተነሣች። 

«ኔምቻንድ! ይህን ታሪክ ከስንት አፍ ሰማኸው?»

ዘወር አለ። ለአንዲት ቅጽበት ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ወዲያው ፈገግታው ተመለሰ። «ከሦስት አፍ ነው ካኪ! ጉሩዬ እንዳስተማሩኝ» አለ በማይኩ።

«ጥራቸዋ!»

«አንድ በአንድ ልጥራቸው እንዴ?» አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «የሰፈሩ ሰዎች! የንግሥት ላድን ታሪክ አታውቁትም?»

«እናውቃለን!» አለ ደረጃው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ሱግና ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትምባሆው ሲወቀጥ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች አንገታቸውን እየነቀነቁ «እናውቃለን» ይላሉ። ዳፑ መከናነቢያዋን እስከ አገጯ አውርዳለች። ያጠመደችው ወጥመድ የራሷን እግር እንደያዘ ያን ጊዜ ገባት። የፈጠረችው ውሸት አሁን አገር ሆኗል፤ ከአገር ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል?

ኔምቻንድ ደስታው ልኩን አለፈ። እዚያው ላይ ቢተዋት ኖሮ አሸንፎ በሄደ ነበር። እሱ ግን በሰው ፊት ደግ መምሰል ፈለገ። ክንዷን ደግፎ አወረዳትና፣ «እኚህ የጉሩዬ ባለቤት ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ይመርቁን» ብሎ ማይኩን በእጇ አስያዛት።

ሱግና ማይክ ይዛ አታውቅም። ትንፋሽዋ ራሱ በጉድጓዱ ውስጥ ጮኸ።

«አሳምረህ ተናገርክ» አለች። «ግን ከመሃሉ አቆምከው። ንግሥቲቱ ውኃው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ዘወር ብላ ምን አለች?»

ኔምቻንድ ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ንገራቸው እንጂ። ከሦስት አፍ ሰምተህ የለ?»

«ካኪ… ታሪኩ እዚያው ላይ ነው የሚያልቀው።»

«አያልቅም!» አለች አንዲት ሴት ከላይ። «ይንገሩን እማማ!» «ይንገሩን!» ሁሉም ተቀበላት። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዕር አወጡ።

ሱግና ቃላቱን ቀድማ አላዘጋጀቻቸውም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተኛው ቂም በራሱ ተናገረ።

«ንግሥቲቱ መጋቢ ነበራት» አለች። «ከሩቅ አገር የመጣ ረኃብተኛ ነበር። ስድስት ዓመት ከገበታዋ በላ፤ በእጇ አጎረሰችው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ፣ መጋቢው ድንጋይ ጠራቢ ጠርቶ የራሱን ስም በጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀረጸ። ይህን ጉድጓድ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ ብሎ ለእንግዳ ሁሉ አስወራ። እውነተኛውን ባለቤት ደግሞ ሌባ አስብሎ በአደባባይ አስፈተሸ።»

ከሽማግሌዎቹ መሃል ማጉረምረም ተሰማ። 

«ንግሥቲቱ ዘወር አለችና፣ 'እንጀራዬን በልቶ በድካሜ ላይ ስሙን የጻፈ ሰው፣ የዚህ ጉድጓድ ውኃ በጉሮሮው አይውረድለት' አለች።» ትንፋሽ ወሰደች። «ይህ ሰው ለእንግዶች በሚሸጠው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ታሪክ ሁሉ አርባ ዓመት በብስክሌት ተዙሮ የተለቀመ ነው። የለቀሙት የቤቴ ጌታ ናቸው። ስማቸው…»

ቆመች። በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። ሱግና በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር፣ በዘጠኝ ዓመት ሐዘን፣ አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም። ሴቶቹ ሊመጣ ያለው ገብቷቸው አፋቸውን ያዙ።

«ቤሩላል ነው» አለች። «ቤሩላል!»

ጉድጓዱ ስሙን ደጋግሞ መለሰው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ለሥርዓቱ የተቀመጠውን የናስ ዋንጫ ከውኃው ሞላችና ለኔምቻንድ ዘረጋችለት። ውኃው አረንጓዴ ነበር። «እንካ። ያ መጋቢ አንተ ካልሆንክ ጠጣ።»

ዋንጫውን ተቀበለ። ምን ያድርግ? ውሸት ነው፣ ንግሥት የሚባል የለም ቢል፣ ታሪኩን ከሦስት አፍ ሰማሁ ያለው እሱ ነው። ወደ አፉ አቀረበው።  ከከንፈሩ ሳይደርስ አወረደውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ካኪ፣ ውኃው ገና አልተመረመረም» አላት። ማይኩ ግን በመካከላቸው ነበርና ሰው ሁሉ ሰማው።

ሽማግሌው ጋሲ ብድግ አሉ። «ሚስቶቻችሁን አጠጡ ስትለን ተመርምሮ ነበር እንዴ?»

ደረጃው በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ ሥር ቁጣ መጣ። «ይጠጣ! ይጠጣ!» እያሉ እየጮኹ አንድ ሁለት ጎረምሶች ወደ ታች ወረዱ። የቱሪዝሟ ሹም ከወንበሯ ተነሥታ፣ «ቤሩላል ማነው? መጽሐፉ የማን ነው?» እያለች ትጠይቃለች፤ አሥር ሰው ባንዴ ይመልስላታል። ኔምቻንድ ዋንጫውን ጥሎ በፈረንጆቹ መሃል ተሹለክልኮ ሲወጣ፣ ዋንጫው ደረጃ በደረጃ እየተንኳኳ ውኃው ውስጥ ገባ። የሱግና አንጀት በዚያች ቅጽበት ቅቤ ጠጣ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ ብላ በላች።

ከዚያ በኋላ ኬሳርፑራ ለኔምቻንድ እሳት ሆነበት። ሻይ ሻጩ ስኒውን ሲሰጠው «ቀስ ብለህ፣ እንዳያንቅህ» ይለዋል። የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ከጸሐፊነት አወረደው። በወሩ ደብተሮቹን ባዲስ ጨርቅ ጠቅልሎ በእግሩ መጣ። ሱግና ግባ አላለችውም።

«መጽሐፉ በጉሩጂ ስም እንደገና ይታተማል» አለ በር ላይ ቆሞ። «ሌላ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ካኪ… እርስዎ እንደፈጠሩት አሁን ገብቶኛል። ንግሥት ላድ የምትባል የለችም።»

«ታዲያ ውጣና ንገራቸው» አለች ሱግና። «ማይክ ልስጥህ?»

ደብተሮቹን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ዞሮ ሄደ።

ደብተሮቹን ለቀናት አነበበች። ባሏ ነበሩ ማንበብ ያስተማሯት። አሥራ አንደኛው ደብተር መጨረሻ ላይ፣ ኔምቻንድ ገልጦት እንኳ በማያውቀው ቅጠል፣ ቤሩላል ሳያገኟቸው የቀሩትን ነገሮች ዘርዝረው ነበር። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የሸክላ ሠሪዎቹ ባኦሪ። ሃያ ሰባት ቤት ጠየቅሁ። ማን እንዳስቆፈረው የሚያውቅ የለም። የማይታወቀውን አላውቅም ማለት ያስከብራል።» ከሥሩ ደግሞ፣ «የካላ መንደር የሠርግ ዘፈን፤ ሙሽሪት ማን ነበረች? ሱግናን ልጠይቅ» ይላል። ስሟን ጽፈውታል። በዚያ አገር ባልም የሚስቱን ስም እንዲሁ አያነሣም። በእጃቸው ጽሑፍ ስሟን ስታይ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግሥቱ ፕሮፌሰሩ ደብተሮቹን ሊያዩ ይመጣሉ። ሱግና ቅጠሉን ይዛ ቁጭ አለች፤ ጥላው ከኒሟ ሥር ተነሥቶ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ አልተነሣችም። ይህ ቅጠል ከተነበበ ንግሥት ላድ ትሞታለች፤ እሷ ከሞተች እርግማኗም ይሞታል፤ ኔምቻንድም ሻይ ቤት ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ይጠጣል። መቀሱን አመጣች። ስሟን ብቻ ቆርጣ ልታስቀር ብታስብም፣ በቁራጩ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ቅጠል እንደጠፋ ያጋልጣል ብላ ፈራች። ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጣ ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

«ቤሩላልጂ ስለዚህ ባኦሪ የጻፉት የለም?» አሏት ፕሮፌሰሩ።

«ሳይደርሱበት ሞቱ።»

«እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት?»

«ሰፈሩን ይጠይቁ» አለች።

ሄደው ጠየቁ። ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው ነገራቸው፤ አንዳንዱ እሷም የማታውቀውን ጨመረላቸው። ፕሮፌሰሩ እጅግ ተደስተው ተመለሱ። ሱግና ያን ቀን ፓፓድ አልዳመጠችም። 

የሆሊ በዓል ካለፈ በኋላ የዳፑ ምራት ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ላድ አሏት። ዳፑ ሕፃኗን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛት መጣችና ከሱግና ጎን ተቀመጠች።

«ኔምቻንድ አገር ለቀቀ፤ ሰማሽ?» አለች። «ኮታ ከተማ ወርዶ የስልክ መሸጫ ከፍቷል አሉ። እንቅልፍ አይወስደውም አሉ። ሱግና፣ አሁንስ ይቅር በይው። ምን ቀረሽ?»

ሱግና ሕፃኗን አየቻት። ጥቁር ጸጉሯ ገና እርጥብ ይመስላል። አልነካቻትም፤ እጇ ዱቄት ነበር።

«ሄደ እንጂ መቼ ሞተ» አለች።

ዳፑ ልጅቷን ማወዛወዝ ጀመረች። ሱግና መዳመጫውን አነሣች። በኃይል ተጫነችውና ሊጡ ከመሃሉ ተቀደደ፤ ሰብስባ አድቦልቡላ እንደ አዲስ ጀመረችው።